ዎርክ ስተዲና የተማሪ ሥራ በአሜሪካ፦ ከፋፍሳ እስከ መጀመሪያው ቼክ

የኮሌጁ የፋይናንሻል ኤይድ ደብዳቤ ሲመጣ ከግራንቱና ከሎኑ ሥር «ፌደራል ዎርክ ስተዲ፦ 3,000 ዶላር» የምትል መስመር ልትኖር ትችላለች። ብዙ ልጅ፣ ብዙ ወላጅም፣ ይቺን 3,000 ከትምህርት ክፍያው ላይ ቀንሶ ያስባታል። ሂሳቡ ሲመጣ ግን አልተቀነሰችም። ከዚያ ቢሮ ተሂዶ ጭቅጭቅ ነው።

መልሱ አጭር ነው። ዎርክ ስተዲ ማለት «ሥራ ካገኘህና ከሠራህ፣ እስከዚህ ብር ድረስ ደሞዝህን መንግሥት ይደጉማል» ማለት ነው። በ1964 የወጣ ሕግ ያስጀመረው ፕሮግራም ነው። ከደሞዛችሁ ብዙ ጊዜ እስከ 75 በመቶ የሚሆነውን የፌደራል መንግሥት ይሸፍናል፣ የቀረውን ቀጣሪው ይከፍላል። የካምፓስ ቢሮዎች ዎርክ ስተዲ ያለውን ተማሪ የሚፈልጉት ለዚህ ነው፤ ይረክስላቸዋላ። ሥራውን ግን ማንም አምጥቶ አይሰጣችሁም። ራሳችሁ ትፈልጋላችሁ፣ ኢንተርቪው ትገባላችሁ፣ በሰዓት ትሠራላችሁ፣ ቼኩ በስማችሁ ይመጣል። ካልሠራችሁ ዜሮ ነው።

ከዚህ በታች ያለው በተለይ ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ላላችሁ ተማሪዎች የተጻፈ ነው፤ የፌደራሉ ሕግ ግን ሚኒሶታም ሲያትልም ያው ነው።

አንደኛ፦ ወረቀታችሁ ምን ይፈቅድላችኋል?

ከሁሉ በፊት ይሄን ለዩ። ዜጋ ከሆናችሁ ወይም ግሪን ካርድ ካላችሁ (በዲቪ የመጣችሁ እዚህ ውስጥ ናችሁ)፣ ወይም ጥገኝነታችሁ ጸድቆ ከሆነ፣ ፋፍሳ የሚባለውን የፌደራል የትምህርት እርዳታ ማመልከቻ ሞልታችሁ ዎርክ ስተዲ መጠየቅ ትችላላችሁ። የጥገኝነት ጉዳያችሁ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ወርክ ፐርሚት ቢኖራችሁም የፌደራል እርዳታ የለም። የግል ሥራ ግን በፐርሚቱ መሥራት ትችላላችሁ።

ኤፍ ዋን (የውጭ አገር ተማሪ) ቪዛ ላይ ያላችሁ ዎርክ ስተዲ አይመለከታችሁም። ይሄ ማለት ካምፓስ ውስጥ አትሠሩም ማለት አይደለም። ትሠራላችሁ፤ ትምህርት ባለበት ጊዜ በሳምንት እስከ 20 ሰዓት፣ በእረፍት ጊዜ ሙሉ ሰዓት። ሁለት የካምፓስ ሥራ ከያዛችሁ 20ው የሁለቱ ድምር ነው። የሥራ ማስታወቂያ ስታዩ «ዎርክ ስተዲ ያለው ብቻ» የሚለውን እለፉት፣ ተራ የተማሪ ሥራ የሚለውን ያዙ። ተማሪውን የሚያገለግል የካምፓስ ካፍቴሪያ ወይም መጽሐፍ መደብር በግል ድርጅት ቢተዳደርም እንደ ካምፓስ ሥራ ይቆጠራል። ካምፓስ ውስጥ ሕንጻ የሚሠራ የኮንስትራክሽን ድርጅት ግን አይቆጠርም።

ከካምፓስ ውጪ ለኤፍ ዋን ያለው መንገድ ጠባብ ነው። ሲፒቲ (የትምህርቱ አካል የሆነ የሥራ ልምምድ)፣ ኦፒቲ (በተማራችሁበት መስክ ለተወሰነ ጊዜ የሚሠራ ሥራ)፣ ወይም ከባድ የኢኮኖሚ ችግር ሲደርስ የሚሰጠው ፈቃድ ነው፤ ባጠቃላይ አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት ጨርሳችሁ የሚጠየቅ። «የአክስቴ ልጅ የኡበር አካውንቱን ይሰጠኛል»፣ «የሬስቶራንቱ ባለቤት የአገራችን ሰው ነው፣ በካሽ ይከፍለኛል» የሚባለው ነገር ሲወራ ቀላል ነው። ግን ስታተስ የሚያሳጣ ነገር ነው። አንድ ቀን ግሪን ካርድ ስትጠይቁ ያለ ፈቃድ ሠርታችሁ እንደሆነ ፎርሙ ራሱ ይጠይቃችኋል። እዚህ ላይ ማባበል አልፈልግም፤ አታድርጉት።

ሁለተኛ፦ ፋፍሳን ቶሎ፣ ስምን አንድ ዓይነት

የዎርክ ስተዲ ገንዘብ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ ተቆጥሮ የሚሰጥ ነው። ሲያልቅ አለቀ። ፋፍሳ ብዙውን ጊዜ የሚከፈተው ኦክቶበር 1 ነው፣ ለሚቀጥለው መስከረም ማለት ነው። ኮሌጁ «ፕራዮሪቲ ዴድላይን» ብሎ የሚያወጣት ቀን አለች፤ ከእሷ በፊት ያስገባ ይቀድማል። ጁላይ ላይ የሞላ ልጅ ግራንቱን ሊያገኝ ይችላል፣ ዎርክ ስተዲው ግን አልቆ ይጠብቀዋል።

የእኛን ሰው ሁለት ነገር ያሰናክለዋል። አንዱ ስም ነው። ግሪን ካርዱ ላይ በአያት ስም፣ ኮሌጁ ሲስተም ላይ በአባት ስም፣ ባንክ ላይ ደግሞ በሌላ ስፔሊንግ። ፋፍሳ የሚያመሳክረው ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ነው፣ ስለዚህ በሶሻል ካርዱ ላይ ያለውን ፊደል በፊደል ቅዱ። የልደት ቀንም እንዲሁ። ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተዛባ ቀን ካለ ፋፍሳ ላይ «ትክክለኛውን» አትጻፉ፤ መጀመሪያ መዝገቡን አስተካክሉ፣ እስከዚያ መዝገቡ ላይ ያለውን ጻፉ።

ሁለተኛው ወላጅ ነው። ዲቪ ደርሶት ብቻውን የመጣ የ20 ዓመት ልጅ፣ የራሱን ቤት ኪራይ እየከፈለ፣ ለእናቱ ብር እየላከ፣ ፋፍሳ ላይ ግን አሁንም የወላጅ ጥገኛ ነው። 24 ዓመት ካልሞላ፣ ካላገባ፣ የሚያሳድገው ልጅ ከሌለው፣ የወላጅ መረጃ ይጠየቃል። ይገርማል፣ ግን ሕጉ ነው። ወላጅ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ቢሆኑም፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ባይኖራቸውም፣ ስቱደንት ኤይድ ዶት ጎቭ ላይ አካውንት መክፈት ይችላሉ። ስልክና ኢሜይል ይፈልጋል፤ በኢሞ ወይም በቴሌግራም እየመራችሁ አብራችሁ ሙሉት። ገቢያቸው በብር ከሆነ ፋፍሳ በሚሞላበት ጊዜ ባለው ምንዛሪ ወደ ዶላር ይቀየራል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከወረደበት አንጻር የአገር ቤት መምህር ደሞዝ በዶላር ምን ያህል እንደሚሆን አስቡት፤ ስለዚህ ይጎዳናል ብላችሁ አትፍሩ።

ከወላጅ ጋር መገናኘት የማይቻል ከሆነ፣ ለምሳሌ ስደተኛ ሆናችሁ ከቤተሰብ ተለያይታችሁ ከሆነ፣ ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ሄዳችሁ ልዩ ሁኔታችሁን አስረዱ። በጉዳያችሁ ላይ የመወሰን ሥልጣን ያለው ቢሮው ነው። ሳይጠይቁ የሚመጣ ነገር የለም።

ደብዳቤው ላይ ዎርክ ስተዲ ከሌለ ደግሞ ዝም አትበሉ። አንዳንዱ ተማሪ የተሰጠውን አይጠቀምበትም፣ ሴሚስተር ከተጀመረ በኋላ ገንዘብ ይተርፋል። «ዌይትሊስት ውስጥ አስገቡኝ» ብሎ መጠየቅ ምንም አያስከፍልም።

ሦስተኛ፦ ቁጥሩን ወደ ሰዓት ቀይሩ

ይሄን የሚያሰላ ተማሪ ጥቂት ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ 15 ዶላር ነው። ዲሲ ከጁላይ 2025 ጀምሮ 17.95 ገብቷል። የራሳቸው ሕግ የሌላቸው ስቴቶች ከ2009 ጀምሮ ባልተነካው የፌደራል 7.25 ላይ ናቸው።

3,000 ዶላር ተፈቅዶላችሁ በ15 ብትሠሩ 200 ሰዓት ነው። ሁለቱ ሴሚስተር ሲደመር 30 ሳምንት ቢሆን፣ በሳምንት ስድስት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ማለት ነው። በቃ። በሳምንት 20 ሰዓት እሠራለሁ ካላችሁ በ10 ሳምንት ውስጥ ገንዘቡ ያልቃል፣ ኖቬምበር ላይ ሱፐርቫይዘሩ «አዝናለሁ» ይላችኋል። አንዳንድ ቢሮ ከራሱ በጀት ይቀጥልላችኋል፣ አንዳንዱ አይችልም። ስትቀጠሩ ጠይቁ፦ «ዎርክ ስተዲዬ ቢያልቅ ታቆዩኛላችሁ?» መልሱን ስሙና ሰዓታችሁን በዚያ ልክ መድቡ።

ያልሠራችሁበት ገንዘብ በጥሬው አይሰጣችሁም፣ ወደ ሚቀጥለው ዓመትም አይሻገርም።

አራተኛ፦ ፍለጋው ከትምህርቱ በፊት ይጀመራል

ጥሩ ጥሩዎቹ ሥራዎች የሚያልቁት ትምህርት ከመጀመሩ ሁለት ሳምንት በፊትና የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ነው። ብዙ ኮሌጆች ሃንድሼክ የሚባለውን ድረ ገጽ ይጠቀማሉ፣ ሌሎቹ የራሳቸው የሥራ ገጽ አላቸው። ኦገስት መጀመሪያ ላይ ገብታችሁ ፕሮፋይል ክፈቱ፣ ማሳወቂያ እንዲመጣ አድርጉ።

ሁሉም የካምፓስ ሥራ እኩል አይደለም። ላይብረሪ የመመለሻ ዴስክ፣ የዶርም ፍሮንት ዴስክ፣ የኮምፒዩተር ላብ ክትትል፣ እነዚህ ሰው ሲቀንስ መጽሐፍ የምትገልጡባቸው ናቸው። ዳይኒንግ ሆል ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል፣ ቶሎ ይቀጥራል፣ ብዙ ቦታ ምግብም አለው፤ ግን ትደክማላችሁ። ቱተሪንግ ሴንተር የተሻለ ሊከፍል ይችላል። ካልኩለስ ወይም ኬሚስትሪ ላይ ጥሩ ውጤት ካላችሁ በሁለተኛው ሴሚስተር አመልክቱ፣ እናንተም ትምህርቱን እንደገና ታጠኑታላችሁ። የፕሮፌሰር ላብ ውስጥ የሚገኝ ሥራ ደግሞ ማስታወቂያ ላይ ሳይወጣ የሚያልቅ ነው። ክፍል ውስጥ በደንብ የምትሳተፉበት አስተማሪ ካለ ኦፊስ አወር ላይ ሄዳችሁ «ዎርክ ስተዲ አለኝ፣ ላብዎ ውስጥ ሰው ይፈልጋሉ?» በሉ። በመንግሥት ገንዘብ የሚደጎም ልጅ መሆናችሁን ሲሰማ ጆሮው ይቆማል።

ከካምፓስ ውጪ ሆኖ በዎርክ ስተዲ የሚከፈል ሥራም አለ። ኮሌጆች ከገንዘቡ ቢያንስ 7 በመቶውን ለማኅበረሰብ አገልግሎት እንዲያውሉ ይገደዳሉ፤ ሕጻናትን ማንበብ ማስተማር፣ የሰፈር ድርጅት ውስጥ ማገዝ። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ የሚኖር፣ አማርኛ የሚችል ተማሪ የስደተኛ ቤተሰብ ልጆች የሚረዱበት ቦታ ቢያመለክት ከማንም የተሻለ ዕድል አለው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። በተማሪ ኢሜይላችሁ «ፕሮፌሰር እገሌ ነኝ፣ በሳምንት 400 ዶላር፣ ከቤት ሆናችሁ» የሚል ይመጣል። ቼክ ይልክላችሁና ባንክ አስገብታችሁ ጊፍት ካርድ እንድትገዙ ወይም ከፊሉን ለሌላ ሰው እንድትልኩ ያደርጋል። ከቀናት በኋላ ቼኩ ሐሰተኛ ሆኖ ይመለሳል፣ ዕዳው የናንተ ነው። ገንዘብ ተቀብላችሁ መልሳችሁ የምትልኩበት ሥራ የለም።

አምስተኛ፦ ማመልከቻና ኢንተርቪው

ሬዙሜ አንድ ገጽ ይበቃል። «ሠርቼ አላውቅም» ብሎ ባዶ የሚተው ልጅ አለ። አገር ቤት የቤተሰብ ሱቅ ውስጥ ሂሳብ ይይዝ የነበረ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ሕጻናት ያስተምር የነበረ፣ ጎረቤት ልጅ ለማትሪክ ያስጠና የነበረ፣ ይሄ ሁሉ ሥራ ነው። ጻፉት። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ የምትችሉትን ቋንቋ ሁሉ ጻፉ።

የምትልኩት ኢሜይል አጭር ይሁን፦ ማን እንደሆናችሁ፣ ዎርክ ስተዲ እንዳላችሁና ስንት እንደሆነ፣ በየትኞቹ ቀናትና ሰዓታት ነጻ እንደሆናችሁ። ሦስተኛዋን አብዛኛው ሰው ይረሳታል። ቀጣሪው የሚፈልገው ማክሰኞ ከ10 እስከ 12 የሚቀመጥለት ሰው ነው፤ ሰዓታችሁን ግልጽ አድርጋችሁ ከላካችሁ ግማሹን ሥራ ቀነሳችሁለት።

ኢንተርቪው ላይ ይሉኝታውን ቤት ተዉት። «ምን ታውቃለህ?» ሲባል አንገት ደፍቶ «ትንሽ ትንሽ እሞክራለሁ» ማለት እኛ ዘንድ ጨዋነት ነው፣ እዚህ ግን እንደማይችል ሰው ያስቆጥራል። የምትችሉትን በቀጥታ ተናገሩ፣ በምሳሌ። ሰው ዓይን ዓይኑን እያዩ ማውራት ከከበዳችሁ ከጓደኛ ጋር ተለማመዱ።

ስድስተኛ፦ ወረቀቶቹ

ተቀጠራችሁ። ደሞዝ የሚታሰብበት የመጀመሪያ ቀን ከሆነ በኋላ ባሉት ሦስት የሥራ ቀናት ውስጥ አይ ናይን ለሚባለው፣ የመሥራት ፈቃዳችሁ ለሚረጋገጥበት ፎርም ዋናውን ሰነድ ማሳየት አለባችሁ። ግሪን ካርድ ብቻውን ይበቃል፣ ወይም የስቴት መታወቂያ ከሶሻል ካርድ ጋር። ፎቶኮፒ አይሆንም። ወላጅ ቤት ኮሜዲኖ ውስጥ ትታችሁት ዶርም ከገባችሁ ፎቶውን በዋትስአፕ ማስላክ አይረዳችሁም፤ ስትሄዱ ይዛችሁ ሂዱ።

ኤፍ ዋን ከሆናችሁ ፓስፖርት፣ አይ ናይንቲ ፎር (አገር የገባችሁበት መዝገብ) እና አይ ትዌንቲ (ኮሌጁ የሰጣችሁ የቪዛ ፎርም) ታሳያላችሁ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሚሰጣችሁ ሥራ ካገኛችሁ በኋላ ነው፤ የቀጣሪውን ደብዳቤና የኢንተርናሽናል ቢሮውን ደብዳቤ ይዛችሁ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ትሄዳላችሁ። አሜሪካ በገባችሁ ማግስት አትሂዱ፣ መረጃችሁ ሲስተም ውስጥ እስኪገባ ቢያንስ 10 ቀን ስጡት። ካርዱ እስኪመጣ ግን ሥራ መጀመር ትችላላችሁ። ካርዱ በነጻ ነው፣ ገንዘብ የሚጠይቃችሁ ካለ አጭበርባሪ ነው።

ደብሊው ፎር ደግሞ ከደሞዛችሁ ምን ያህል ታክስ እንደሚያዝ የሚወስን ወረቀት ነው። ባለፈው ዓመት የፌደራል ታክስ ዕዳ ካልነበረባችሁና ዘንድሮም እንደማይኖርባችሁ ከጠበቃችሁ «ኤግዘምፕት» ማለት ይቻላል። በየዓመቱ መታደስ አለበት።

የመጀመሪያው ቼክ ሲመጣ ተቀናሾቹን እዩ። የምትማሩበት ኮሌጅ ራሱ ቀጥሯችሁ ቢያንስ ግማሽ ጊዜ የምትማሩ ከሆነ የሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ አይቆረጥባችሁም። ኤፍ ዋን ላይ ያለ ተማሪም በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት አይቆረጥበትም። ተቆርጦ ካያችሁ ፔይሮል ቢሮ ሂዱ። ከ3,000 ላይ 230 ዶላር ገደማ ነው፤ የመጽሐፍ ዋጋ ነው።

ካምፓስ ወይስ ውጪ?

«ላይብረሪ በ15 ዶላር ከምትቀመጥ ዳውንታውን ፓርኪንግ ግባ፣ ቲፕም አለው» የሚል ምክር ከማንም ትሰማላችሁ። ምክሩ ከመጥፎ ልብ የመጣ አይደለም። ፓርኪንግ ቡዝ ውስጥ ተቀምጠው ያጠኑ፣ ዲግሪም የያዙ፣ ልጅም ያሳደጉ ጋሼዎች አሉን። ዛሬ ግን ብዙው ጋራዥ ማሽን ነው የሚቀበላችሁ።

እስቲ እናስላው። ከሲልቨር ስፕሪንግ ዳውንታውን ለአራት ሰዓት ሺፍት ሄዳችሁ በ17.95 ብትሠሩ 71.80 ነው። 7.65 በመቶው ሲቆረጥ 66 ገደማ ይቀራል። መሄጃና መመለሻው አንድ ሰዓት ተኩል ቢፈጅ ያጠፋችሁት ጊዜ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። በሰዓት 12 ዶላር ሆነ፣ ያውም የሜትሮ ሳይነካ። በሁለት ክላስ መሃል ላይብረሪ የተሠራ አራት ሰዓት 60 ዶላር ነው፣ መንገድ የለበትም።

ሌላም አለ። ከዎርክ ስተዲ የምታገኙት ገንዘብ የሚቀጥለው ዓመት እርዳታ ሲሰላ እንደ ገቢ አይቆጠርባችሁም። የውጪ ሥራ ደሞዝ ይቆጠራል፤ ጥገኛ ተማሪ ከሆናችሁ ከተወሰነ መጠን በላይ ካለው ግማሹ «ለትምህርት መክፈል ይችላል» ተብሎ ይታሰባል። አንድ በጋ ድብል እየመታ የሠራ ልጅ ያ ዓመት በሚሰላበት ፋፍሳ ላይ ግራንቱ ሲቀንስ የሚደነግጠው ለዚህ ነው።

ቢሆንም ለሁሉም ካምፓስ ይሻላል አልልም። አገር ቤት በየወሩ የሚጠብቅ ቤተሰብ ያለው ልጅ በሳምንት በሰባት ሰዓት ሥራ አይወጣውም። ለእንደዚህ ዓይነቱ የምመክረው ሁለቱን ማዳበል ነው፦ በሥራ ቀናት የካምፓሱን፣ ቅዳሜና እሁድ የውጪ አንድ ሺፍት። የሆቴል ሌሊት ፍሮንት ዴስክና የአፓርታማ ሕንጻ መግቢያ ዴስክ መጽሐፍ ይፈቅዳሉ። ግን ሰኞ ጠዋት 8 ሰዓት ክላስ ይዛችሁ እሁድ ሌሊት አትግቡ።

አማርኛና እንግሊዝኛችሁ ጠንካራ ከሆነ ትርጉምን አስቡበት። ዲሲ በ2004 ባወጣው የቋንቋ ተደራሽነት ሕግ የከተማው ቢሮዎች እንግሊዝኛ ለማይችል ሰው አስተርጓሚ ማቅረብ አለባቸው፣ አማርኛም በዋናነት ከሚፈለጉት ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሆስፒታሎችም ይፈልጋሉ። ለሕክምና ትርጉም 40 ሰዓት ሥልጠና መውሰድ የተለመደው መነሻ ነው። ሰዓቱ እንደ ልብ ይመቻቻል፣ ነርሲንግ ለሚማር ደግሞ ራሱ ትምህርት ነው።

ኡበርና ዶርዳሽ ሰዓታቸው ነጻ መሆኑ ያታልላል። ታክስ አይቆረጥም፣ ስለዚህ ከወጪ በኋላ 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ካተረፋችሁ 15.3 በመቶ የራስ ሥራ ታክስ ይጠብቃችኋል። መኪናውም ይበላል። ነዳጁን፣ ጎማውንና ኢንሹራንሱን ሳትቀንሱ «በሰዓት 25 አገኘሁ» አትበሉ።

ሥራው ላይ

በዎርክ ስተዲ ክላስ ባላችሁበት ሰዓት መሥራት ክልክል ነው፣ አስተማሪው ቢቀር እንኳ የተሰረዘ መሆኑ መመዝገብ አለበት። ታይምሺታችሁን በሰዓቱ አስገቡ፤ ኮሌጁ ቢያንስ በወር አንዴ መክፈል አለበት፣ ግን ያላስገባችሁትን ሰዓት አይከፍልም። የሚሰጣችሁ የፈተና ፕሮግራም በሴሚስተሩ መጀመሪያ የታወቀ ነው፣ ለሱፐርቫይዘሩ ያኔውኑ ላኩለት። የፈተናው ዋዜማ ላይ «ነገ አልመጣም» ማለት ነው የሚያበላሸው።

ውጤት ከወረደ እርዳታው ራሱ አደጋ ላይ ነው። ብዙ ኮሌጆች 2.0 ጂፒኤና ከወሰዳችሁት ክሬዲት 67 በመቶውን መጨረስ ይጠይቃሉ። ለአንድ ሺፍት ሲባል ኮርስ ድሮፕ ማድረግ እዚህ ስሌት ውስጥ ይገባል።

ታክስ

ቀጣሪው እስከ ጃንዋሪ 31 ደብሊው ቱ የሚባለውን የዓመቱን ደሞዝና የተቆረጠውን ታክስ የሚያሳይ ወረቀት ይልክላችኋል፣ እስከ ኤፕሪል 15 ፋይል ታደርጋላችሁ። ገቢያችሁ ትንሽ ቢሆንም አስገቡ፣ የተቆረጠው የሚመለሰው በዚያ ነው። ቪታ የሚባለው ነጻ የታክስ አገልግሎት በብዙ ላይብረሪና ኮሌጅ ውስጥ አለ። ከወላጅ ጋር የምትኖሩ ከሆነ እነሱ በጥገኝነት አስመዝግበዋችሁ እንደሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ እነሱም እናንተም እናንተን ካስመዘገባችሁ የአንዱ ፎርም ውድቅ ሊሆን ይችላል።

ኤፍ ዋን ያላችሁ በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት የምትሞሉት ተራውን የታክስ ፎርም 1040 ሳይሆን 1040 ኤንአርን ነው፣ 8843 የሚባለው ፎርም ደግሞ ምንም ባትሠሩም ይላካል። ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ታክስ ስምምነት የላቸውም፣ ስለዚህ የሕንድ ወይም የቻይና ጓደኛችሁ የሚያገኘውን ቅናሽ አትጠብቁ። ኢንተርናሽናል ቢሮው ብዙ ጊዜ ለዚህ የሚሆን ሶፍትዌር በነጻ ይሰጣል፤ ፌብሯሪ ላይ ጠይቁ፣ ኤፕሪል ላይ ሰልፉ አይጣል ነው።